ከሰማይ የተነሳ የመስከረም ፎቶ

አሰብ ተወልጄ አሰብ ያደግሁ ብሆንም ከተማዬን ከላይ ለማየት የበቃሁት በሠላሳ ሦስት ዓመቴ ነው። አውሮፕላን ተሳፍሬ እንዳይመስላችሁ። በካርቶን ቱቦ ተጠቅልላ ቢሮዬ ድረስ መጥታልኝ ነው። ሳተላይት የሚባል ነገር ከደመና በላይ እየዞረ ያነሳው ፎቶ ነው አሉን። ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን አራቱን ጫፎች በቀለም ጠርሙስና በሻይ ብርጭቆ ስንጫናቸው የቢሮው ሰው ሁሉ ሥራውን ጥሎ ከበበን። ጸሐፊዋ የቤቷን ጣሪያ ፈለገች። ሾፌሩ መኪናውን ፈለገ። አለቃችን የራሱን ቢሮ ፈለገ፤ ሲያጣው "ይሄ ፎቶ ጥራት የለውም" አለ።

እኔ የቢሮው ካርታ ሠሪ ነበርኩ። ቢሮው የተፈጥሮ ሀብት የሚጠብቅ ቢሮ ነው። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በዘጠናዎቹ አጋማሽ አሰብ ውስጥ በዓይን የሚታየው የተፈጥሮ ሀብት ደግሞ ጨው፣ ነፋስ፣ ቁራና ፍየል ነበር። ጨውና ነፋስ ጠባቂ አይፈልጉም። ቁራዎቹ የወደቡን ነገር ከማንም በላይ ይቆጣጠራሉ። ፍየሎቹ ወደ አዲስ አበባ ከሚጫነው ዕቃ የሚወድቀውን ካርቶን እየበሉ ራሳቸውን ያስተዳድራሉ። ፎቶው የመጣበትን ቱቦ እንኳ በረንዳ ላይ ብናቆመው፣ በማግስቱ አንዲት ፍየል ግማሹን በልታው ደረስንባት። ከፎቶው ፕሮጀክት በቀጥታ የተጠቀመ ፍጡር ቢኖር እሷ ናት።

ነገሩን ከመነሻው ልናገር። አለቃዬ ከደጋ ተመድቦ የመጣ ሰው ነበር። በአፌ "እርስዎ" እለዋለሁ፤ በልቤ ግን "አንተ" ነው። አሁን የምጽፈው ከልቤ ስለሆነ እንደ ልቤ እጠራዋለሁ። የአሰብን ሙቀት ሆን ተብሎ እሱን ለማናደድ የተደረገ ነገር አድርጎ ይቆጥረዋል። ከቬንትሌተሩ ሥር ለምን እንደማይነሳ ሲጠየቅ "ሥራ በዝቶብኝ" ይላል። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን መጻፍ ባልፈልግም እውነቱ ይኸው ነው። ብቻ የማያውቀውን ነገር ጠይቆ መረዳትን እንደ ውርደት ያየው ነበር፤ በተለይ የሚጠየቀው ካርታ ሠሪ ከሆነ፣ ይልቁንም ካርታ ሠሪዋ ሴት ከሆነች።

በዚያ ዓመት መጀመሪያ ላይ ከሳተላይት የተነሳ ፎቶ እንዴት እንደሚነበብ የሚያስተምር የሁለት ሳምንት ሥልጠና አስመራ ተዘጋጀና ቢሯችን አንድ ሰው እንዲልክ ተጠየቀ። ካርታ የምሠራው እኔ ብቻ ስለሆንኩ ሻንጣዬን አዘጋጀሁ። አለቃዬ የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊውን ላከ። ምክንያቱን ስጠይቀው "አንቺ እጅሽ ጥሩ ነው፤ መሥራቱን ሥሪ፣ ማሰቡን ለእኛ ተዪልን" አለኝ። የግምጃ ቤት ኃላፊው ከሁለት ሳምንት በኋላ ስለ አስመራ ኬክ ብዙ ዕውቀት ይዞ ተመለሰ።

በሚያዝያ ዶክተሩ መጣ። ውጭ አገር የተማረ የአገር ልጅ፣ እሱም ደገኛ ነው፤ ሰው የሚያክም ሳይሆን መሬትን ከሩቅ አይቶ ምን እንዳለበት የሚናገር ዶክተር። ይህን ለሰፈሩ ማስረዳት ስላልቻልን በመጣ በማግስቱ ጠዋት ሁለት ሴቶች ጆሮው የሚያመው ልጅ ይዘው በር ላይ ጠብቀውት ነበር። ዕቅዱ ቀላል ነው። ካለፈው ዓመት ተነስተው ከተቀመጡት ፎቶዎች አንዱን አዝዞ ማስመጣት፣ ከፎቶው ላይ ሣሩን፣ ቁጥቋጦውን፣ ዛፉንና ባዶውን መሬት ለይቶ ካርታ ማውጣት፣ ከዚያ የትኛው መሬት ለምን እንደሚውል መወሰን። የማዘዣውን ቅጽ እንድሞላ ተጠራሁ። ጽሕፈቴ ያምራልና።

"የትኛውን ወር እንበል?" አለ ዶክተሩ።

"ይሄ ደግሞ ይጠየቃል?" አለ አለቃዬ። "መስከረም ነዋ! ክረምት ሲወጣ። ምድር ሁሉ አረንጓዴ በሚለብስበት ጊዜ ካልተነሳማ ምን ዋጋ አለው?"

"ልክ ነው። ለዕፅዋት ከመስከረም የተሻለ የለም።"

ሁለቱም ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው በየቀያቸው ያለውን መስከረም አዩት። አደይ አበባው ፊታቸው ላይ ሲፈካ ታየኝ።

ይህን ስሕተት የሚሠራ ደገኛ ብቻ ነው። የእኛ መስከረም ሌላ ነው። በመስከረም አሰብ ውስጥ የግቢ በር፣ ካንቸሎ የምንለው፣ በባዶ እጅ አይነካም፤ ብረቱ ይፋጃል። ከቧንቧ የሚወርደው ውኃ ሻይ ቅጠል ብቻ ነው የሚቀረው። ከከተማው እስከ ጥዖ ድረስ ባለው የባሕር ዳርቻ አንዲት ለምለም ቅጠል ፈልጎ ያገኘ ሰው ሽልማት ይገባዋል። ዝናብ እኛ ዘንድ የሚመጣው ደጋው ሲደርቅ ነው፤ በታኅሣሥና በጥር፣ ከባሕሩ በኩል። ጥቂት ቀን ያካፋና ሜዳው በሣር ይሸፈናል። ይህን እያየሁ ነው ያደግሁት። ትምህርት ቤት ግን በየዓመቱ "መስከረምን ሳሉ" ስንባል፣ በዓይኔ አይቼው በማላውቀው ቢጫ አበባ ደብተሬን እሞላለሁ፤ ላቤ አበባው ላይ እየተንጠባጠበ አሥር ከአሥር አገኛለሁ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል፤ የእኛ ጉድ ከሚያዝያ ጀምሮ ይሰማ ነበር።

እስክሪብቶው በእጄ ነው። "ጌታዬ፣ በመስከረም እኮ እዚህ ሣር የለም" ማለት ይበቃ ነበር። ነገር ግን ማሰቡን ለእነሱ እንድተው ተነግሮኛል፤ ደስ እያለኝ ተውኩላቸው። ባዶ ፎቶ ይምጣላቸውና አረንጓዴ ሲፈልጉ ፊታቸውን አያለሁ አልኩ። አባቴ "ዝም አይነቅዝም" ይል ነበር፤ ዕድሜውን ሙሉ ወደብ ላይ ዕቃ ሲያወርድ የኖረ፣ ከአለቃ ጋር አንድ ቀን ተጣልቶ የማያውቅ ሰው ነበር። በዚያ ባማረው ጽሕፈቴ መስከረምን በፈረንጅኛ ጻፍኩና ቅጹን አቀበልኳቸው። ቀኑን ሙሉ ፊቴ እንደበራ ዋልኩ።

አሁን ወተት ስለሚያመጡልን ሴትዮ ልንገራችሁ፤ ታሪኩ የሳቸው ነው እንጂ የእኔ አይደለም። አፋር ናቸው፤ በዕድሜ ከእናቴ ትንሽ የሚያንሱ፣ ቀጥ ብለው የሚራመዱ ሴት። ቢሮውም ሰፈሩም "እማማ" ነው የሚላቸው። ቤተሰባቸው ፍየል ያረባል። በሙቀቱ ወራት ፍየሎቹ ከተማው ዳር ያገኙትን እየለቃቀሙ ይቆያሉ፤ ዝናቡ ሲጥል ግን በጥዖ መንገድ፣ ባሕሩን ይዞ ወደተዘረጋው ሜዳ ይነዳሉ። እዚያ ይወልዳሉ፣ እዚያ ይታለባሉ። የእማማ ቤት የዓመት ወተትና የዓመት ግልገል በሙሉ ከዚያ ሜዳ ነው። በጥር የሚያመጡት ወተት ወፍራም ነው፣ ሣር ሣር ይላል፤ በመስከረም ጭራሽ የለም።

ወተቱን ከመስጠታቸው በፊት ደግሞ ወሬ ይሰጣሉ። አፋሮች ዳጉ ይሉታል። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቁጭ ብለው ያዩትንና የሰሙትን ይለዋወጣሉ፤ ዝናብ የት ጣለ፣ ሣር የት በቀለ፣ ማን ታመመ፣ የማን ግመል ጠፋ፣ ድንበሩ አጠገብ ደባይሲማ ላይ የጉድጓዱ ውኃ እንዴት ነው። የሰማው ሰው ለሚቀጥለው ያደርሳል። ወሬ ይዞ ዝም ማለት ነውር ነው። ስለዚህ እኔ ከቢሮዬ በረንዳ ሳልነሳ እስከ ድንበር ድረስ ያለውን ሣር በየጠዋቱ አውቀው ነበር። ቢሮዬ ግን ይህንኑ ለማወቅ ከሰማይ ፎቶ አዘዘ።

ፎቶው በሐምሌ ደረሰ፤ ያኔ ነው ሁላችንም ጠረጴዛውን የከበብነው። ባሕሩ ጥቁር ነው፤ የብሱ አመድማ። እዚህም እዚያም ጥቂት ቀይ ነጠብጣብ አለ።

"ቀዩ ምንድን ነው፣ እሳት ነው?" አለ አለቃዬ።

"ቅጠል ነው" አለ ዶክተሩ። "ካሜራው የእኛ ዓይን የማያየውን ብርሃን ስለሚያይ ለምለም ነገር ሁሉ በቀይ ነው የሚወጣው።"

አለቃዬ ቀይ ፍለጋ ወረቀቱ ላይ አጎነበሰ። የጠበቅኩት ሰዓት ደረሰ ብዬ አንገቴን አሰገግሁ። በጥዖ መንገድ በኩል ያለውን ሜዳ በጣቱ ዳሰሰው፤ አንዲት ቀይ ነጥብ የለበትም። ቀና ሲል ፊቱ ላይ እፍረት የሚባል ነገር አልነበረም።

"አላልኩም?" አለ። "ይህ አገር ጨርሶ ተራቁቷል። በመስከረም እንኳ ቅጠል የለውም!"

ዶክተሩ በሐዘን ራሱን ነቀነቀ። እኔ ፎቶው ስሕተታቸውን ይነግራቸዋል ብዬ ነበር፤ እነሱ መሬቱን ወቀሱት።

ካርታውን መሥራት ጀመርኩ። ፎቶው ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ወረቀት አነጥፌ፣ ላቤ እንዳይንጠባጠብ ክንዴን በፎጣ ጠቅልዬ፣ ዶክተሩ በእርሳስ የከበበውን በቀለም እከተላለሁ። ጎርፍ መውረጃውን የወረረው ያ እሾኻም የውጭ ዛፍ፣ ሣሩን ውጦ የጨረሰው፣ ፍየል እንኳ ቅጠሉን የማይቀምሰው፣ ፎቶው ላይ እንደ ደም ቀልቶ ወጣ። አለቃዬ ሲያየው ሊያለቅስ ደረሰ። "ደን አለን!" አለ። ቁጥር አንድ፣ ጥብቅ ደን ተብሎ ተመዘገበ። ሜዳው ቁጥር አምስት ሆነ፤ ባዶ መሬት። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ እንዲሉ፣ እያወቅኩ ቡናማ ቀባሁት። አቀባቤ ላይ እንከን አልነበረም።

አንድ ጠዋት እማማ በሩ ላይ ቆመው አዩኝ። የወተት ጊዜ ስላልነበር ሰሌን ይዘው ነው የመጡት።

"አሰላሙ አለይኩም። ምን ትሠሪያለሽ፣ አንቺ ልጅ?"

"ወአለይኩም ሰላም፣ እማማ። ይግቡ። አገሩን እየሣልኩ ነው።"

ባሕሩን፣ ወደቡን፣ መንገዱን አንድ በአንድ አሳየኋቸው። ወዲያው ገባቸው፤ ከአለቃዬ በፊት ሁሉንም አገኙት። ጣታቸውን ሜዳው ላይ አሳረፉ።

"ይሄ የኛ ነው። ለምን አፈር አረግሽው?"

"ከላይ ሲታይ ሣር የለበትም፣ እማማ።"

"መቼ ነው ያየው?"

"በመስከረም።"

ሳቁ። "በመስከረም እኔም አላይበትም። ሰውየው መጠየቅ ነበረበት።"

"ሰው አይደለም፣ ዕቃ ነው። አይጠይቅም።"

"አይጠይቅም?" አሉና ለአፍታ አዘኑለት። ከዚያ ሳቃቸው ጠፋ። "ንገሪያቸው። ባዶ ነው ካሉ ይወስዱታል። ያ ሜዳ ከሄደ ፍየል የለንም።"

"እነግራቸዋለሁ።"

"ወላሂ?"

"ወላሂ፣ እማማ።"

እውነትም ልነግራቸው አስቤ ነበር። ለእነሱ ብቻ ግን አልነበረም። በጥቅምት ካርታው የሚጸድቅበት ትልቅ ስብሰባ ይኖራል ተብሎ ነበር፤ ከወደቡ፣ ከአስተዳደሩ፣ ከአስመራም እንግዶች ይመጣሉ። እዚያ ተነስቼ በፍጹም ትሕትና "ጌታዬ፣ አንዲት ትንሽ ጥያቄ ነበረችኝ፤ አሰብ ውስጥ ዝናብ የሚዘንበው በስንት ወር ነው?" እላለሁ። ቤቴ መስታወት ፊት ስንት ጊዜ ተለማመድኩት። ጥሩ ቀልድ በሁለት ሰው ፊት አይባክንም ብዬ ነበር። ይህን ነው እንግዲህ ያልኩት።

በዚያው ሰሞን የመስክ ማረጋገጫ ተደረገ። ፎቶው የሚለውና መሬቱ ላይ ያለው አንድ መሆኑን በእግር እየዞሩ ማየት ማለት ነው። እኛ በመኪና ሄድን፤ አለቃዬ፣ ዶክተሩ፣ እኔና ሾፌሩ። ሜዳው ዳር ስንደርስ መኪናው አሸዋ ውስጥ ሰጠመ። ዶክተሩ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ አየና "ባዶ" አለ። አለቃዬ የቱና ጣሳ እየከፈተ "ባዶ" ብሎ ቅጹ ላይ ምልክት አደረገ። የቀሩትንም ቦታዎች እዚያው እንደተቀመጡ አረጋገጧቸው። እኔና ሾፌሩ ከጎማው ሥር አሸዋ ስንዝቅ እጃችን የደረቀ የሣር ሥር ነካ። አንድ አይደለም፤ ከአሸዋው በታች ሜዳው ሙሉ ሥር ነው። ሾፌሩ አፋር ነው፣ የዚያው አገር ልጅ። ሥሩን አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ። በእኛ ቢሮ ሾፌር ስለ መንገድ ካልሆነ አይናገርም፤ እኔ እናገራለሁ ብሎ ጠበቀ። አንድ ጭብጥ ነቅዬ መስኮቱ ላይ ባሳያቸው ኖሮ ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። ለስብሰባው አስቀመጥኩት።

ስብሰባው አልተደረገም። እንግዶቹ ሙቀቱን ፈርተው ቀረት አሉ። አለቃዬ ካርታውን በፖስታ ላከው፣ በፖስታም ጸደቀ። በኅዳር አንድ ጠዋት ቢሮ ስገባ ግቢው በሽቦ ጥቅል ተሞልቶ አገኘሁት።

"ይሄ ለምንድን ነው?" አልኩት ሾፌሩን።

"ለባዶው መሬት። ሊታጠር ነው፤ ከብትም ፍየልም እንዳይገባበት። እንዲያገግም ነው አሉ።" የመጨረሻዋን ቃል ሲናገር ፊቴን አላየም።

አለቃዬ ዘንድ ሮጬ ገባሁ። ሳላንኳኳ። የዝናቡን ወር፣ ሥሩን፣ የእማማን ፍየሎች፣ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገርኩት። ለመጀመሪያ ጊዜ አቋርጦኝ አልተናገረም። እንዳመነኝ ከፊቱ አየሁ።

"ይህን መቼ ነው ያወቅሽው?" አለ።

"ሁልጊዜም አውቃለሁ። እዚህ ነው የተወለድኩት።"

"ቅጹን የሞላሽው አንቺ አይደለሽም?"

"እኔ ነኝ።"

"ታዲያስ?"

"ማሰቡን ለእኛ ተዪልን ስላሉኝ ነው።"

ስንት ወር በልቤ ሳሳምራት የኖርኩት መልስ ናት። ከአፌ ስትወጣ የሕፃን ኩርፊያ ሆነች። አለቃዬ አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። "ካርታው ተፈርሟል፣ ሽቦውም መጥቷል" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ደግሞ መሬት ዕረፍት ቢያገኝ ምን ይጎዳል?"

ዝናቡ በታኅሣሥ መጨረሻ ጣለ፤ እንደ ወትሮው። ሣሩም እንደ ወትሮው በቀለ፤ ሽቦው ይኑር አይኑር አልጠየቀም። በጥር አጋማሽ ከሾፌሩ ጋር ሄጄ አየሁት። ፍየሎቹ በአጥሩ ርዝመት ተደርድረው አንገታቸውን በሽቦው መሃል አሾልከው ይግጣሉ። አንገታቸው እስከሚደርስበት ድረስ መሬቱ ተላጭቷል፤ ከዚያ ወዲያ ሣሩ እስከ ጉልበት ቆሟል። መስመሩ ቀጥ ያለ ነው፤ እኔ በማስመሪያ ባሰምረው ከዚያ አይሻልም። ግልገሎቹ ከተማው ዳር ተወለዱ፣ እዚያው ወተት ያጡ ብዙዎቹ ሞቱ። ትልልቆቹ ካርቶን ወደ መልቀም ተመለሱ። እማማ በዚያ ጥር አንድም ቀን ወተት አላመጡም።

"ነገርሻቸው?" አሉኝ መንገድ ላይ አግኝተውኝ።

"ነገርኳቸው፣ እማማ።"

"እንቢ አሉ?"

"እንቢ አሉ።"

ቃል በቃል ሲታይ ውሸት የለበትም። በዚያ ቢሮ ስሠራ እንዲህ ያለ ዘገባ መጻፍ በደንብ ተምሬያለሁ።

ዶክተሩ ግን የሥራውን ፍሬ ለማየት ቸኩሎ ሁለተኛ ፎቶ አዘዘ። አሁን የጥር ወር። መድረሱን ጠብቀው ያ የቀረው ስብሰባ በሚያዝያ ተደረገ፤ አዳራሹ ሞላ። ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን ሰቅዬ ቆምኩ። በግራ በኩል ሜዳው አመድ ነው። በቀኝ በኩል ቀልቶ ሊፈነዳ ደርሷል። አለቃዬ በዱላ እያመለከተ "ይህ ከመታጠሩ በፊት፤ ይህ ከታጠረ በኋላ" አለ። ሁለት ወር ባልሞላ ጊዜ በረሃ ያለመለመ ቢሮ ነን። ጭብጨባው ጣሪያውን ነቀነቀው።

እጄን አወጣሁ። የተለማመድኩትን ትሕትና ረስቼው ነበር። "ይህን ሣር ሽቦ አላበቀለውም" አልኩ። "በየዓመቱ በጥር ይበቅላል። ያኛው ፎቶ የመስከረም ነው፣ ይሄኛው የጥር። የመስከረሙን ቅጽ የሞላሁት እኔ ነኝ፤ እያወቅኩ ነው የሞላሁት። በአጥሩ ምክንያት የሰው ፍየል አልቋል።"

እንግዶቹ አንዴ ፎቶዎቹን፣ አንዴ እኔን አዩ። ከዚያ የግምጃ ቤት ኃላፊው "እሷ እኮ ሁሌ እንዲህ ናት!" ብሎ ሳቀ። የሚያውቁኝ ሁሉ ሳቁ፤ እነሱን አይተው እንግዶቹም ሳቁ። ስንት ዓመት ሙሉ ባገኘሁት ነገር ስሳለቅ ሰምተውኛል፤ ይህን ለይተው በምን ያውቁታል? አንድ እንግዳ "እንዲህ ያለ ሠራተኛ ቢሮ ያደምቃል" አለ። አለቃዬ ብቻ አልሳቀም። ዱላውን አንስቶ ወደሚቀጥለው ነጥብ አለፈ።

በግንቦት እማማ መጡ። ወተትም ሰሌንም አልያዙም። የተረፉትን ፍየሎች ይዘው ደባይሲማ፣ ወንድማቸው ዘንድ ሊሄዱ ነው፤ ስንብት ነበር። በረንዳው ላይ ተቀመጡና እንደ ልማዳቸው ወሬያቸውን ሰጡኝ። የሞቱትን ግልገሎች፣ የታመመችውን የልጃቸውን ሚስት፣ ወደ ውስጥ በኩል ዝናብ እንደሌለ። ሲጨርሱ "አንቺስ፣ ምን ወሬ አለሽ?" አሉኝ። ተራው የእኔ ነበር።

ነገርኳቸው። ከቅጹ ጀምሬ፣ በቀለም የቀባሁትን፣ አሸዋ ውስጥ ነክቼው የተውኩትን ሥር፣ ለስብሰባ ያስቀመጥኩትን ቀልድ፣ ዘግይቼ መናገሬን። አላቋረጡኝም። ስጨርስ አፍሬ ስለነበር "ያ ዕቃ በመስከረም ባያየው ኖሮ" የምትል ነገር ጨመርኩበት።

"እሱ ሩቅ ነው" አሉ እማማ። "እሱን አልቀየመውም። አንቺ ቅርብ ነበርሽ።"

ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ጉልበታቸውን ይዘው ተነሱ፣ ሻሻቸውን አስተካክለው፣ ሰላም ሁኚ ብለውኝ ወጡ። ካንቸሎው ጋ ሾፌሩ መኪናውን ሲያጥብ አገኛቸውና እጃቸውን ሳመ፤ ምን ወሬ አለ ብሎ ጠየቃቸው። ጥላው ሥር ቁጭ አሉና ይነግሩት ጀመር። በአፋርኛ ነበር የሚያወሩት። መሃል ላይ ስሜን ሰማሁ፤ ሾፌሩ ቀና ብሎ አየኝ።